ሁለት ባሩድ በአንድ ሸራ ላይ

ባሩድ እንደ ጤፍ ዓይነት ዓይነት እንዳለው የሰማሁት ስልሳ ስምንት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባሩድ ለእኔ አንድ ነገር ነበር፤ የሚሸት፣ የሚጮህ፣ ወንዶች በሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚያባክኑት። ልዩነቱን ስሰማም ተናድጄ ነበር። እኔ ስናደድ የሚነገረኝን ግማሹን እይዛለሁ፣ ግማሹን እጥላለሁ። የጣልኩት ግማሽ ምን እንዳመጣብን ነው የምጽፈው።

ነገሩ የተነሳው በመስኖ ማኅበራችን ነው። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ ውሃ የሚስበው ሞተራችንና የሽንኩርት መጋዘናችን ጎን ለጎን ቆመዋል። የነበረው ጠባቂ ጉልበቱ ሲደክም ሥራውን ተወና ቦታው ክፍት ሆነ። ማኅበሩ በፈቃድ የያዘው አንድ ሽጉጥ አለው። አዲሱ ጠባቂ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ማንጠልጠል ብቻ ሳይሆን ተኩሶ መምታት እንደሚችል በውድድር ያሳይ ተባለ። ሁለት ሰው ተመዘገበ። አንዱ የሰብሳቢያችን የእህት ልጅ ነው። ሁለተኛዋ የእኔ የልጅ ልጅ ናት።

የልጅ ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ከሞተች ጀምሮ በእጄ ያደገች ናት፤ በቀበሌው ሚሊሻ ውስጥም ሁለት ዓመት አገልግላለች። ያን ሰሞን አንድ ደላላ እየደወለ ዓረብ አገር ሥራ አለ ይላት ነበር። «እማማ፣ ጥበቃውን ካገኘሁ እቀራለሁ። ካላገኘሁ እሄዳለሁ» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ስለዚህ ለእኔ ያ ውድድር የጥበቃ ውድድር አልነበረም። ልጄ ቤቴ ትቀራለች ወይስ አትቀርም የሚለው ነበር።

እኔ ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት አንዷ ነኝ፤ ሴት ደግሞ እኔ ብቻ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ያቺው ትበቃኛለች፤ ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ነኝ። የውሃ ተራ የሚዘል ሰው ካለ ቦዩ መሐል የምቆመውም እኔ ነኝ። አይወዱኝም፤ ግን ተራቸው እንዳይዘለል ሲፈልጉ በሬን ያንኳኳሉ።

ለውድድሩ የታሸገ የፋብሪካ ጥይት ነበረን፤ ለዕለቱ እንጂ ለልምምድ የሚተርፍ አልነበረም። ለልምምዱ ባዶ ቀለህ ተሰብስቦ እንዲሞላ ተስማማን። የሚሞሉት ሽማግሌ ከአሊዩ አምባ በኩል የመጡ የድሮ ወታደር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሠራዊት መሣሪያ ሲጠግኑ ኖረው፣ አሁን በፈቃድ ቤታቸው ይሠራሉ። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አሥር አሥር ጥይት ሞሉልን። ሰብሳቢው በሁለት ከረጢት ተቀብሎ አመጣ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። ቀዩን ለእህቱ ልጅ፣ ነጩን ለእኔዋ ሰጠ። ያን ጊዜ ስለ ከረጢት ቀለም ማን ያስባል?

የመጀመሪያው ልምምድ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ከወንዙ ደረቅ ዳር ሆነ። አሸዋ የተሞላ ጆንያ አቆምን፤ በከሰል ክብ ሣልንበት፤ አርባ እርምጃ ተለካ። የሰብሳቢው የእህት ልጅ አምስት ተኮሰ። ድምፁ ደረቅና ቁርጥ ያለ ነበር፤ ሦስቱ ክቡ ውስጥ ገቡ። ከዚያ የእኔዋ ቀረበች። የመጀመሪያዋ ጥይት ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሳለች። ሁለተኛዋ ከጆንያው ሥር ገባች። አምስተኛዋ ጆንያው ጋ ሳትደርስ አሸዋ ላይ ወደቀች። ጭሱ ፊቷን ሸፈነው።

«እጇ ፈራ» አለ ሰብሳቢው፣ ወንዶቹን እያየ። «የሴት እጅ መች ሽጉጥ ይችላል?»

«የፈራውስ ጥይቷ ነው» አልኩት። «ያንተ የእህት ልጅ ጥይት ይጮኻል፣ የእሷ ያስላል። ጆሮ የለህም?»

«እትዬ፣ ጥይት ጥይት ነው። ልጅቷን ያበረታቷት፣ ሰበብ አይፈልጉላት።»

ወንዶቹ ሳቁ። እኔ ጎንበስ ብዬ እሷ የቆመችበትን አሸዋ አየሁት። እንደ ተቆረጠ የመጥረጊያ ጭራ ያሉ፣ ያልነደዱ ደቃቅ እንጨት መሳዮች ተበትነዋል። እጅጌዋ ላይም ነበሩ። እሱ የቆመበት ቦታ ላይ አንድም የለም። ለቅሜ መሐረቤ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

በማግስቱ ወደ ሽማግሌው ብሄድ ለቀብር ወደ አገራቸው ሄደዋል ተባልኩ። ሳይመለሱ ሁለተኛው ልምምድ ደረሰ። የልጅ ልጄ ሰነፍ አይደለችም፤ ጥይቷ ዝቅ እንደሚል ስላወቀች ከክቡ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጋ አነጣጠረች። ከአምስቱ ሦስቱን ክቡ ውስጥ አስገባች። አጨበጨብኩ። ዛሬ ሳስበው ያቺ ጭብጨባዬ ታናድደኛለች።

ሽማግሌው ሲመለሱ መሐረቤን ይዤ ደጃቸው ተገኘሁ። ቋጠሮውን ፈትቼ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና አጎንብሰው አዩት።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የጠመንጃ ባሩድ ነው፣ እትዬ።»

«ልጄ የተኮሰችው ሽጉጥ ነው።»

«አውቃለሁ። ምድጃ ያውቃሉ አይደል? የማሽላ አገዳና የግራር ግንድ እኩል ይነዳሉ?»

«እንዴት ተደርጎ! አገዳው ቦግ ብሎ ያልቃል፣ ግራሩ ይቆያል።»

«ባሩድም እንደዚያ ነው። ጠመንጃ አፈሙዙ ረጅም ነው፤ ቀስ ብሎ የሚነደውን ይጠብቀዋል። ሽጉጥ አጭር ናት፣ አትጠብቅም። አገዳውን ነው የምትፈልገው። ግራሩን ከሰጧት ጥይቱ ወጥቶ ከሄደም በኋላ ባሩዱ ገና አልነደደም።» በጣታቸው መሐረቤን ነካ አደረጉ። «ይኸው ሳይነድ ቀረ።»

«ታዲያ ለእኔ ልጅ ለምን ግራር ሞሉላት?»

አንገታቸውን ደፉ። የሽጉጡ ባሩድ ለሃያው ጥይት እንደማይበቃ ሲነግሩት ሰብሳቢያችን ያረጁ የጠመንጃ ጥይቶች አምጥቶ «ባሩዱን ከዚህ አውጥተው ይሙሉ» ብሏቸዋል። አይሆንም ቢሉት «ለልምምድ ነው፣ ማን ይሞትበታል» አለ። እሳቸውም ተሸንፈው ሞሉ። ደህናውን በቀይ፣ ሌላውን በነጭ ከረጢት ለይተው፣ የቱ የቱ እንደሆነ ነግረው ሰጡት።

«እዚያ ላይ እኔም አጥፍቻለሁ» አሉ። «አስተግፊሩላህ። እምቢ ማለት ነበረብኝ።»

«እያወቀ ነዋ የሰጣት!»

«እሱን አላህ ያውቃል። አሁን ይስሙኝ፣ እትዬ...»

አልሰማሁም። ማለቴ፣ ጆሮዬ ሰምቷል፣ ልቤ ግን ሰብሳቢው ቤት ደርሶ ነበር። ሽማግሌው ከኋላዬ እየተናገሩ ነው፦ በቆርቆሮው ውስጥ ከቀብሩ ስመለስ ያመጣኋት፣ ለአሥር ጥይት የምትሆን ደህና ባሩድ አለች፣ አምስት አምስት ሞልቼ ልስጣቸው፣ የጠመንጃው ይቅር፣ ሁለቱ እንዳይነካኩ። ያቺ «እንዳይነካኩ» የምትለው ቃል በሩ ላይ ቀረች። እኔ ይዤ የወጣሁት «ለአሥር ጥይት የምትሆን» የሚለውን ብቻ ነው።

ኮሚቴውን አስጠራሁ፤ መጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀመጥን። መሐረቤን ፈትቼ መሐል ላይ አስቀመጥኩት። ሰብሳቢው ፊቱ አልተለወጠም።

«ቀይና ነጭ አይቼ አልሰጠሁም» አለ። «እጄ የደረሰበትን ሰጠሁ።»

«እጅህ ጎበዝ ነው፤ ዘመዱን ያውቃል።»

«እትዬ! እያከበርኩዎት ነው።»

«አክብሮትህን ያዘውና ባሩዱን አካፍል።»

«ምን ላካፍል? ደህናዋ ለአሥር ናት ይላሉ። አሥር ጥይት ለሁለት ሰው ምን ልምምድ ይሆናል? የቀረውን ግራሩን ማን ይውሰድ? የእህቴ ልጅ ይውሰድ ልትሉ ነው?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ማኅበራችን ከተመሠረተ ጀምሮ የምንኮራበት አሠራር አለን። የማሾ ዘር ሲደርስ አንዱ የተበጠረ ያመጣል፣ ሌላው ነቀዝ የበላው ያመጣል። ማን ምን እንዳመጣ አንነጋገርም። ሁሉንም አንድ ሸራ ላይ እናፈሳለን፣ በእጃችን እናገላብጣለን፣ በአንድ ቆርቆሮ እየሰፈርን ለሁሉም እናድላለን። ደህናውም ክፉውም ለሁሉም እኩል ይደርሳል። በዚህ የተነሳ በዘር የተጣላ ሰው የለንም። ይህንን አሠራር ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከጣርማ በር በላይ ያሉ ዘመዶቼ ሳይቀሩ ወስደውታል።

«እንደ ማሾው ይደረግ» አልኩ። «ሁለቱ ባሩድ ይደባለቅ። በአንድ መስፈሪያ ለሁለቱም ይሞላ። ከዚያ በኋላ ቀይ ከረጢት፣ ነጭ ከረጢት የለም።»

 ከዚያ አንዱ «ይኼ ደህና ሐሳብ ነው» አለ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ። ሰብሳቢው ሳይቀር «እሺ፣ ከዚህ በኋላ ግን አንድ ቃል እንዳልሰማ» አለ። አምስት ሰው ተቀምጠን፣ አምስታችንም መሬት የምናርስ፣ አንዳችንም ባሩድ የሚያውቀውን ሰው እንጠይቅ አላልንም። ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ፣ ማኅተም ተመታ፣ ወረቀቱን አጣጥፌ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ።

ስደርስ የቀትር ሶላት ሰዓት ነበር። «እትዬ፣ ይቀመጡ፣ ሰግጄ ልምጣ» ብለው ወጡ። ሥራቸውን ሊጀምሩ ነበር መሰለኝ፣ ዳሱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ ቆርቆሮውና አንድ የብርጭቆ ማሰሮ ተቀምጠዋል። ቆርቆሮው ውስጥ ትንንሽ ጠፍጣፋ ፍሬ አለ፤ ማሰሮው ውስጥ የማውቀው የመጥረጊያ ጭራ። አጠገቡ የታጠፈ ንጹሕ ሸራ።

ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልችልበትም። ወረቀት ይዣለሁ፤ ማኅተም አለው። ሰውየውም ደክሟቸዋል፣ ላግዛቸው አልኩ። ሸራውን መሬት ላይ ዘረጋሁ። ጥንቃቄም አልጎደለኝም፤ በአካባቢው እሳት አለመኖሩን አየሁ፣ የእጄን አምባር አወለቅሁ። ከዚያ ቆርቆሮውን ገለበጥኩ፣ በላዩ ማሰሮውን ገለበጥኩ፣ ማሾ እንደማገላብጥ በጣቶቼ ከሥር እያነሳሁ አገላበጥኩት። እኩል እስኪሆን። አንዱ ከሌላው እስከማይለይ። በሕይወቴ ብዙ ነገር አካፍያለሁ፣ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ግን ትዝ አይለኝም።

ሽማግሌው ሲመለሱ የጫማቸው ድምፅ ቆመ።

«ያ ረቢ! እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የኮሚቴው ውሳኔ ነው፣ ጋሼ። ይኸው ወረቀቱ። አሁን ለሁለቱም እኩል ነው።»

ወረቀቱን አልተቀበሉኝም። ከሸራው አጠገብ ቀስ ብለው ቁጢጥ አሉ።

«አዎ፣ እኩል ነው» አሉ። «ለሁለቱም አይሆንም።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«አልነገርኩዎትም? ሁለቱ እንዳይነካኩ አላልኩም? ከዚህ አንድ መስፈሪያ ብቀዳ ስንት አገዳ፣ ስንት ግራር እንደገባበት በምን አውቃለሁ? አንዷ ጥይት ግራር ይበዛባትና አፈሙዙ ውስጥ ተወትፋ ትቀራለች። የሚቀጥለዋ አገዳ ይበዛባትና ከኋላዋ ትመጣለች። ሽጉጧ የት ነው የምትፈነዳው? የልጅዎ እጅ ላይ።»

እጄ ሸራው ላይ እንዳለ ቀረ።

«ልልቀመው» አልኩ። «ምስር የምለቅም ሴት ነኝ። ጭራውን ወዲህ፣ ጠፍጣፋውን ወዲያ...»

«የጠመንጃው ግማሹ ተሰባብሮ ደቋል። ዓይንዎ ይለየዋል? አሥር ፍሬ ቢቀርስ ማን ይመሰክራል?»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ይቃጠል።»

«ደህናዋም?»

«ደህና የሚባል የለም አሁን፣ እትዬ።»

ሸራውን በአራት ጫፉ ይዘን ከቤቱ ርቆ ወዳለ ባዶ መሬት ወሰድነው። እሳቸው ቀጭን መስመር አድርገው አፈሰሱት፤ እኔን ወደ ኋላ አራቁኝና በረጅም እንጨት ጫፉን ለኮሱት። እሳቱ አንድ ቦታ ላይ ቦግ ብሎ ዘለለ፣ ቀጥሎ እንደ ታመመ ሰው እየተንፏቀቀ ሄደ፣ ደግሞ ዘለለ፣ ደግሞ አዘገመ። እኔ እኩል አድርጌዋለሁ ብዬ የማልኩበት ነገር አንድ ስንዝር እንኳ ከአንድ ስንዝር እኩል አልነደደም።

«አዩት?» አሉኝ።

«አየሁት።»

ሌላ ባሩድ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አሉ። ውድድሩ ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል። እንዲራዘም ጠየቅኩ። ሰብሳቢው የሽንኩርቱ ገዢዎች ከአጣዬ ሊመጡ ነው፣ መጋዘኑ ያለ ጠባቂ አያድርም አለ። ይህ እንኳ እውነት ነበር። ከዚያ ግን ዝም አላለም። «አካፍል፣ አካፍል ብለው ነበር፣ እትዬ» አለኝ ሰው መሐል። «አመዱን ላካፍልዎ?»

ለልጅ ልጄ ራሴ ነገርኳት። ስትሰማ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እማማ፣ ሽማግሌው አምስት ደህና ጥይት ሊሰጡኝ ነበር?»

«ነበር።»

«አምስት ይበቃኝ ነበር። እጄን ለማቃናት አምስት ይበቃኝ ነበር።» ደግሞም፦ «ያንን ሁሉ ያደረጉት ለእኔ ብለው ነው፣ ወይስ ለመስፈሪያው?»

 

የውድድሩ ቀን የታሸገው የፋብሪካ ጥይት በሁሉም ፊት ተከፈተ፤ ሽማግሌው ራሳቸው አምስት አምስት ቆጥረው ሰጡ። የሰብሳቢው የእህት ልጅ ከአምስት አራቱን አስገባ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ደህና ተኳሽ ነው፤ ይህን አለመናገር ነውር ነው። የእኔዋ ስትቀርብ አቋቋሟ ያምር ነበር። የመጀመሪያዋን ተኮሰች፤ ከጆንያው በላይ አልፋ ከኋላ ያለውን ደለል መታች። ሁለተኛዋም። ሰው አጉረመረመ። ገባኝ። ያን ሁሉ ልምምድ በሰነፍ ጥይት ተለማምዳለች፤ እጇ ከፍ ማድረግን ተምሯል። ሽጉጡን አወረደች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ የቀሩትን ሦስቱን አከታትላ ክቡ መሐል ከተተቻቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንድ ቀዳዳ ነበሩ ማለት ይቻላል።

አራት ለሦስት። በአንዲት ጥይት።

«ከፍ ማለቱን አላወቅሽም?» አልኳት ስንመለስ።

«አውቄ ነበር። እጄ አላወቀም።»

ከዚያ በኋላ በነበረው ስብሰባ ውድድሩ ይደገም ብዬ ቆምኩ። ልምምዱ እኩል አልነበረም፣ ነጩን ከረጢት ማን ለማን እንደሰጠ ይጻፍ አልኩ። ሰብሳቢው እጁን አነሳ።

«ይጻፍ። ግን ደህናውን ባሩድ ማን እንዳበላሸውም ይጻፍ። ሁለቱም ይጻፍ ወይም ሁለቱም ይቅር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክለኛ ነገር ተናገረ፣ ያም እኔን ለመውጋት ነው። እስክሪብቶው በእጄ ነበር። አምስታችንም ያጸደቅነው ውሳኔ ነው ብዬ መከራከር እችል ነበር፤ ሸራው ላይ የነበረው እጅ ግን የእኔ ብቻ ነው። ጻፍኩት። ሰብሳቢው ሁለት ዓይነት ጥይት መሆኑ እየተነገረው ለተወዳዳሪዎቹ ለያይቶ መስጠቱን ጻፍኩ። ከሥሩ፣ እኔ ባለሙያውን ሳልጠይቅ ሁለቱን ባሩድ ደባልቄ ማበላሸቴን ጻፍኩ። ወደፊት ልምምድ ሲኖር ከአንድ ቆርቆሮ እንዲሞላ፣ የሚያካፍለውም የሞላው ሰው እንጂ ኮሚቴው እንዳይሆን ጻፍኩ። ሁሉም ፈረሙ። ውድድሩ ግን አይደገምም ተባለ፤ አራት ለአንድ ድምፅ።

ቃለ ጉባኤውን ቤት ወስጄ ለልጅ ልጄ አነበብኩላት። ምናልባት ትለሳለሳለች ብዬ ነው። ማሽላ እያበጠረች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ጥሩ ነው» አለች። «ለማን ነው የጻፉት?»

«ከእንግዲህ ለሚወዳደር ሰው።»

«እኔ አልወዳደርም እማማ።» ወንፊቱን አስቀመጠች። «ሰኞ ቀበሌ የጉዞ ወረቀቴን ላስጨርስ ነው። ሰልፉ ይገፋፋል፣ ዘመድ ያለው እየመጣ ይገባል። አብረውኝ ይቁሙ። እርስዎ ካሉ ማንም አይቀድመኝም።»

ሰኞ ሄድኩ። ሁለት ሰው ከጎን ሊገባ ሞከረ፤ ሁለቱንም በስማቸው ጠርቼ ወደ ኋላ መለስኳቸው። ተራዋ ሲደርስ ገባች። ማንም አልቀደማትም።